«5,000 ብቻ!» ሲሏችሁ፦ ብዛቱ የተወሰነ ሳንቲም ከማዘዛችሁ በፊት የሽያጭ ቁጥሩን እንዴት ትመረምራላችሁ?

የመታሰቢያ ሳንቲም የምትሰበስቡ ከሆነ ይህን ሳታስተውሉ አትቀሩም። ሻጩ ጣሪያውን በትልልቅ ፊደል ይጽፋል። «5,000 ብቻ!» ይላል። ከ5,000ው ውስጥ እስከ ዛሬ ስንቱ እንደተሸጠ ግን ትንፍሽ አይልም። ገዢውም ሁለቱን ነገር አንድ አድርጎ ያነባል። 60 ወንበር ያለው አውቶቡስ ሁልጊዜ 60 ሰው ይዞ አይሄድም። ጣሪያም እንደዚያው ነው፤ ከዚህ በላይ አናመርትም ይላል እንጂ ይህን ያህል ሸጥን አይልም።

ከዚህ በታች ያለው ከማዘዛችሁ በፊት፣ በምታዙበት ቀንና ካዘዛችሁ በኋላ ቁጥሩን እንዴት እንደምትከታተሉ ነው። ሚንት ስል የመንግሥት ሳንቲም ማምረቻ ማለቴ ነው። አብዛኛው ምሳሌ ከአሜሪካ ሚንት የመጣው አድልቼ አይደለም። የሰብሳቢ ሳንቲሞቹን የሽያጭ ቁጥር በየሳምንቱ ስለሚያወጣ ለመማሪያ ይመቻል።

ደረጃ 1፦ የትኛው ጣሪያ እንደተጻፈ ለዩ

«ውስን» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ምኑ ነው የተወሰነው? ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚሁ ላይ ነው።

አንደኛው የሳንቲሙ የምርት ጣሪያ ነው። ያ ሳንቲም በየትኛውም ሳጥን፣ በየትኛውም ጥቅል ቢገባ በድምሩ ከዚህ ቁጥር አይበልጥም ማለት ነው። ጠንካራው ቃል ይህ ነው።

ሁለተኛው የጥቅሉ ጣሪያ ነው። ይሄኛው የሚገድበው እናንተ የምታዩትን ሳጥን ብቻ ነው። ሳንቲሙ ራሱ በሌላ ሳጥን፣ በሌላ ዋጋ፣ ምናልባትም በሌላ ወር ሊሸጥ ይችላል። የእንግሊዙ ሮያል ሚንት ሁለቱን ለይቶ ይጽፋል፤ አንዱ ቁጥር የሳንቲሙ ከፍተኛ የምርት ብዛት ነው፣ ሌላው በዚህ ማሸጊያ የሚቀርበው ብዛት። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ ልዩነቱ የት እንደሚሄድ ጠይቁ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከተጻፈ ደግሞ ሌላው ለምን ቀረ?

ሦስተኛው በጊዜ የሚወሰን ነው። «እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ» ይባላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሚሊዮን ሰው ካዘዘ ሚሊዮን ይመረታል። ውስን የሆነው የእናንተ ቀን ነው፣ ሳንቲሙ አይደለም።

ሌላው ደግሞ ጭራሽ ጣሪያ የሌለው ነው፤ ሰልፉን ያየ ሰው ግን ያለው ይመስለዋል። በ2014 (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ሚንት የኬኔዲን ግማሽ ዶላር 50ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በወርቅ አወጣው። የመነሻ ዋጋው 1,240 ዶላር ነበር። ለሽያጭ የቀረበው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ በቺካጎ አቅራቢያ በተካሄደ የሳንቲም ኤግዚቢሽን ላይ ጭምር ነው። ሰዉ ሰልፍ ይዞ አደረ፣ ግፊያ ሆነ፣ ሚንቱ እዚያ ቦታ ላይ መሸጡን እስከማቆም ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች እጅ በእጅ በእብድ ዋጋ ሲሸጡ ግን የምርት ጣሪያ አልነበረውም። ሚንቱም ቀድሞ ተናግሮ ነበር። በኢንተርኔት ያዘዘ ሰው ያንኑ ሳንቲም በዚያው በ1,240 አገኘ። በመጨረሻ የተሸጠው ወደ 73,000 ገደማ ነው። ሰልፍ የሽያጭ ቁጥር አይደለም።

ደረጃ 2፦ ሳንቲሙ የገባባቸውን ጥቅሎች ሁሉ ደምሩ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ነው፤ ግን አትዝለሉት። ሚንቶች አንድን ሳንቲም ለብቻው፣ ከዚያ በዓመቱ ጥቅል ውስጥ፣ ከዚያ ከቴምብር ጋር፣ ከዚያ ከሜዳልያ ጋር አድርገው መሸጥ ይወዳሉ። የሽያጭ ሪፖርቱ እያንዳንዱን በራሱ መስመር ነው የሚያሳየው። የአንዱን መስመር ብቻ ያየ ሰው «4,000 ብቻ ነው የተሸጠው» ብሎ ይደሰታል። ሌሎቹ መስመሮች ውስጥ ሌላ 20,000 ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ወረቀት ውሰዱ፣ ወይም ኤክሴል ክፈቱ። የሳንቲሙን ዓመት፣ የማምረቻውን ፊደል (ሚንት ማርክ)፣ የአሠራሩን ዓይነት (ፕሩፍ፣ ማለትም መደቡ እንደ መስታወት የሚያበራና ሥዕሉ የደበዘዘ፤ ሪቨርስ ፕሩፍ፣ የዚያ ተገላቢጦሽ፤ ወይም ያልተዘዋወረ፣ ማለትም ተራ አጨራረስ ያለውና እጅ ያልነካው) ጻፉ። እነዚህ ሦስቱ ፍጹም አንድ የሆኑባቸውን ምርቶች ብቻ ደምሩ። አንዱ ከተለየ ሌላ ሳንቲም ነው።

ተቃራኒውም አለ። በ1995 የአሜሪካ ሚንት W ፊደል ያለበትን ፕሩፍ የብር ንስር (በየዓመቱ የሚያወጣውን የንስር ሥዕል ያለበት የብር ሳንቲም) ለብቻው አልሸጠውም። ማግኘት የሚቻለው አራት የወርቅ ሳንቲሞች ካሉበት የ10ኛ ዓመት ጥቅል ጋር ብቻ ነበር፤ ዋጋው 999 ዶላር። አንዲት የብር ሳንቲም ፈልጎ ያን ያህል የሚያወጣ ሰው በዚያን ጊዜ ብዙ አልነበረም። ቁጥሩ 30,125 ላይ ቆመ። ዛሬ በዚያ ተከታታይ ውስጥ ሰብሳቢዎች ቁልፍ ከሚሏቸው ሳንቲሞች ዋናው እሱ ነው። ጥቅሉን እንጂ ሳንቲሙን ያላየ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ደረጃ 3፦ ጣሪያውን ማን አወጣው?

ጣሪያው ከሕግ ከመጣ ሻጩ እንደፈለገ አያነሳውም። በአሜሪካ የመታሰቢያ ሳንቲም ፕሮግራም የሚፈቀደው በኮንግረስ ሕግ ነው፤ ከፍተኛው ብዛት ሕጉ ላይ ይጻፋል። በዩሮ አገሮች ደግሞ ለዝውውር የሚወጡ የ2 ዩሮ መታሰቢያ ሳንቲሞች በአውሮፓ ኅብረት ኦፊሴላዊ ጋዜጣ ይታወጃሉ፤ ማስታወቂያው ዲዛይኑን፣ የሚወጣበትን ጊዜና የሚጠበቀውን ብዛት ይዟል። ሻጭ የነገራችሁን ቁጥር እዚያ ካለው ጋር ማስተያየት ደቂቃ አይፈጅም። ሞናኮ በ2007 ለግሬስ ኬሊ (የሞናኮ ልዕልት ለሆነችው የፊልም ተዋናይ) ያወጣችው ባለ 2 ዩሮ 20,001 ብቻ መሆኑን ሁሉም የሚያውቀው ቁጥሩ በይፋ ስለተነገረ ነው።

በሌላ በኩል የግል ኩባንያዎች በኒዌ ወይም በኩክ ደሴቶች (በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያሉ ትንንሽ ደሴቶች) ስም ፈቃድ ወስደው የሚያሠሯቸው ሳንቲሞች አሉ። ሕጋዊ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በጣም ያምራሉ። ብዛቱን የሚወስነውና የሚቆጥረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አከፋፋዩ ነው። ሳምንታዊ ሪፖርት አትጠብቁ። እዚህ ላይ የምትመዝኑት የአከፋፋዩን ታሪክ ነው፦ ካሁን ቀደም 1,000 ብሎ 1,000 ላይ ቆሟል? ወይስ ያንኑ ሥዕል ቀለም ቀብቶ፣ መጠኑን ቀይሮ፣ በዓመቱ መልሶ አምጥቶታል?

ሥዕል ተመልሶ መምጣት በትልልቆቹም ይደርሳል። ሮያል ሚንት በ2009 ያወጣው የኪው ጋርደንስ (የለንደን የዕፅዋት መናፈሻ) 50 ፔንስ ለዝውውር የወጣው 210,000 ብቻ ነው። ለዚያ አገር ዝውውር ይህ በጣም ትንሽ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በሰፊው ሲወራ ሰዉ ኪሱን ማገላበጥ ጀመረ። ከዚያ በ2019 ሚንቱ ያንኑ ሥዕል 2019 የሚል ዓመት አድርጎ በመታሰቢያ ጥቅል ውስጥ መልሶ አወጣው። የ2009ኙ ብዛት አልተነካም። ግን «ይህ ሥዕል ዳግም አይወጣም» የሚል ተስፋ ማንም አልሰጠም ነበር፤ ብዙ ሰው ነው ለራሱ የሰጠው።

ደረጃ 4፦ የተከታታዩን ያለፉ ዓመታት እዩ

ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ የሚናገረው ይህ ነው። ያለፉትን አራት አምስት እትሞች ውሰዱና ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ጻፉ፤ ጣሪያና የመጨረሻ ሽያጭ። ሁሉም ጣሪያቸው ላይ ከደረሱ የዘንድሮውም የመድረስ ዕድል አለው። ሁሉም ግማሽ ላይ ከቀሩ «ሊያልቅ ነው» የሚላችሁን ሰው በፈገግታ እለፉት።

የ2014ቱን የአሜሪካ ሚንት የቤዝቦል መታሰቢያ ተመልከቱ። ጎድጓዳ ሆኖ የተሠራ አዲስ ነገር ስለነበር ወሬው ትልቅ ነበር። 50,000ው ወርቅ አለቀ። 400,000ው የብር ዶላርም አለቀ። በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ጣሪያው 750,000 የነበረው ግማሽ ዶላር ግን ሳይሞላ ቀረ። ያው ሥዕል፣ ያው ወሬ፣ ያው ዓመት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ተወደደ ማለት እያንዳንዱ ሳንቲም ያልቃል ማለት አይደለም።

አሁን ደግሞ የቤዝቦል ተጫዋቹን የጃኪ ሮቢንሰንን የ1997 ባለ 5 ዶላር ወርቅ እዩ። ሕጉ የፈቀደው እስከ 100,000 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት፣ በተለይ በአትላንታ ኦሎምፒክ ምክንያት፣ መታሰቢያ ሳንቲም እንደ ጎርፍ ወጥቶ ሰብሳቢው ታክቶት ነበር። ያልተዘዋወረው ዓይነት የተሸጠው 5,174 ብቻ ነው። ፕሩፉ 24,072። በጊዜው «ያልተሸጠ» ተብሎ የታለፈው ያ ሳንቲም በኋላ ከዘመናዊ የአሜሪካ መታሰቢያዎች ሁሉ በጣም ከሚፈለጉት አንዱ ሆነ። ብርቅ ያደረገው ጣሪያው አይደለም፤ ጣሪያውማ ትልቅ ነበር። ብርቅ ያደረገው ሰው አለመግዛቱ ነው። እና ይህን የሚያሳያችሁ የሽያጭ ቁጥር እንጂ ማስታወቂያ አይደለም። እኔ በበኩሌ በደቂቃ ካለቀ ሳንቲም ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ይስበኛል። ይሁንና ያልተሸጠ ሁሉ ብርቅ አይሆንም፤ አብዛኛው የማይፈለገው ስለማያምር ነው።

ደረጃ 5፦ ሽያጩ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ አስሉ

የሚንቱ ሪፖርት ብዙ ጊዜ ጠቅላላ ድምር ነው። የሳምንቱን ሽያጭ ለማግኘት ከዚህ ሳምንት ቁጥር ያለፈውን ሳምንት ቀንሱ። በቃ። ለምሳሌ ያህል፣ ከራሴ ፈጥሬ ልጻፍ፤ ጣሪያው 20,000 የሆነ ሳንቲም አለ እንበል።

አንደኛ ሳምንት ድምሩ 11,200 ነው።
ሁለተኛ ሳምንት 12,300፤ የሳምንቱ 1,100።
ሦስተኛ ሳምንት 12,750፤ የሳምንቱ 450።
አራተኛ ሳምንት 12,980፤ የሳምንቱ 230።

ማስታወቂያው «ከግማሽ በላይ ተሸጧል፣ ፍጠኑ» ሊል ይችላል፤ አልዋሸም። እናንተ ግን ሽያጩ በየሳምንቱ በግማሽ ያህልና ከዚያም በላይ እየወረደ መሆኑን ታያላችሁ። እንዲህ ከቀጠለ 13,300ን ማለፉም ያጠራጥራል። ለመፍጠን ምክንያት የለም። እንዲያውም የመጨረሻው ቁጥር ከጣሪያው በጣም ዝቅ ሊል እንደሚችል ስላወቃችሁ በወሬ ሳይሆን በቁጥር ትወስናላችሁ።

ሁለት ነገር ይህን ስሌት ያበላሻል። አንደኛው የብረት ዋጋ ነው። ወርቅ በድንገት ሲወደድ እና ሚንቱ ዋጋውን ገና ሳያስተካክል ሰዎች ሳንቲሙን ሳይሆን ወርቁን ብለው ይገዛሉ፤ የሞተ ሽያጭ ይነሳል። ሁለተኛው የዓመቱ መጨረሻ ነው። ሊዘጋ ሳምንታት ሲቀሩ «ዝቅተኛ ቁጥር ሊሆን ነው» ብለው የሚጠብቁ ሰዎች በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፣ እነሱው ራሳቸው ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ትንሽ ያስቃል።

የምታነቡት ሪፖርት ስለ ምን እንደሆነም እዩ። የአውስትራሊያው ፐርዝ ሚንት በየወሩ የሚያወጣው የወርቅና የብር ሽያጭ በአውንስ ነው። ስለ ገበያው ጥሩ መረጃ ነው፤ እናንተ ስላዘዛችኋት አንዲት ሳንቲም ግን ምንም አይናገርም። ለእሷ የሚያስፈልጋችሁ ሽያጩ ሲዘጋ የሚታወጀው የምርት ቁጥር ነው።

ደረጃ 6፦ «አልቋል» የሚለውን አትመኑ፣ ቁጥር መቀነሱም አያስደንግጣችሁ

በሚንቱ ድረ ገጽ ላይ «ለጊዜው የለም» እና «ተሸጦ አልቋል» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመጀመሪያው ሰዓት ካርዳቸው ያልሠራላቸው፣ ትእዛዝ የሰረዙ፣ ከተፈቀደው በላይ አዘው የተሰረዘባቸው አሉ። የእነዚህ ሳንቲሞች ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ወደ ሽያጭ ይመለሳሉ። አስታውሱኝ የሚል ቁልፍ ካለ ተጫኑት።

በዚሁ ምክንያት ጠቅላላ ድምሩ አንዳንዴ ከባለፈው ሳምንት ያንሳል። ማጭበርበር አይደለም፤ ተመላሽና ስረዛ ተቀንሶ ነው። የሳምንቱ ቁጥር ጊዜያዊ ነው። ኦዲት ተደርጎ የሚወጣው የመጨረሻ ቁጥር ብዙ ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ በሺዎች ሊለያይም ይችላል።

ደግሞ ሚንቱ ጨረሰ ማለት ሳንቲሙ ሰብሳቢ እጅ ገባ ማለት አይደለም። ከፊሉ በጅምላ የወሰዱ ነጋዴዎች መጋዘን ውስጥ ነው። ለሚንቱ ሁለቱም «የተሸጠ» ናቸው። በአንድ ቤት (በአንድ አድራሻ) ስንት ማዘዝ እንደተፈቀደ እዩ፦ ገደቡ በማግስቱ ከተነሳ ፍላጎቱ ቀዝቅዟል ማለት ነው፣ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምልክት የለም። የ2019ኙ S ፊደል ያለበት የብር ንስር (ኤንሃንስድ ሪቨርስ ፕሩፍ፣ የሪቨርስ ፕሩፍ ልዩ ዓይነት) ተቃራኒው ነው። 30,000 ጣሪያ፣ በቤት አንድ ብቻ፣ 65.95 ዶላር፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አለቀ።

ደረጃ 7፦ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ

የሽያጭ ቁጥር ከማያወጣ ሻጭ የምትገዙ ከሆነ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። በስልክ አይደለም፣ በኢሜይል። ይህን ገልብጣችሁ ላኩት፦

«ጤና ይስጥልኝ። ይህን ሳንቲም ለማዘዝ አስቤ ነበር። የሚከተሉትን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። በሁሉም ጥቅሎች ተደምሮ ከፍተኛው የምርት ብዛት ስንት ነው? እስከ ዛሬ ምን ያህል ተሸጧል፣ ተመላሹ ተቀንሶ ነው? ለነጋዴዎች የተያዘ ድርሻ አለ? ሳይሸጥ የሚቀረው ይቀልጣል ወይስ በሚቀጥለው ዓመት ለሽያጭ ይቀርባል? ይህ ሥዕል በሌላ መጠን፣ ብረት ወይም ምልክት ለመውጣት ታቅዷል? የመጨረሻው ቁጥር መቼና የት ይታወጃል?»

መልሱን ስታነቡ ያልተመለሰውን ጥያቄ ፈልጉ። «በጣም ተፈላጊ ነው፣ ጥቂት ነው የቀረው» መልስ አይደለም። «የሽያጭ ቁጥር አንናገርም፣ ያልተሸጠው ግን በታኅሣሥ መጨረሻ ይቀልጣል» ግን ግማሽ ቢሆንም ታማኝ መልስ ነው። ሙሉ ዝምታ ካገኘሁ እኔ አላዝም፤ ካዘዝኩም ለብረቱና ለሥዕሉ እንጂ ለብርቅነቱ አንድ ዶላር ጨምሬ አልከፍልም።

ሰርተፍኬቱ ላይ ያለ ቁጥር አያሳስታችሁ። «0412» የሚል ካርድ የሽያጭ ቅደም ተከተልን አያሳይም፤ ስንት እንደተሸጠም አይናገርም። የፒሲጂኤስ ወይም የኤንጂሲ (የሳንቲም ደረጃ የሚመዝኑ ኩባንያዎች) ሠንጠረዥም እንዲሁ የሚቆጥረው ለምዘና የተላከውን ብቻ ነው፤ አንድ ሳንቲም ከማሸጊያው ወጥቶ ደግሞ ከተላከ ሁለቴ ሊቆጠር ይችላል። «ፈርስት ስትራይክ» (የመጀመሪያ ምት) የሚል ወረቀት ያለበትን ደግሞ ተጠንቀቁ። ፒሲጂኤስ ይህን የሚሰጠው ሽያጭ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ለገባ ሳንቲም ነው። ከማሽን ቀድሞ ወጣ ማለት አይደለም፤ ሚንቱም የትኛው ቀድሞ እንደታተመ አይለይም።

ደረጃ 8፦ በምታዙበት ቀን

አካውንታችሁን ቀድማችሁ ክፈቱ፣ አድራሻና ካርድ አስገቡ። የምርቱን ገጽ ስክሪንሾት አንሱ፤ ጣሪያው፣ በቤት የተፈቀደው ብዛትና የመመለሻ ደንቡ እንዲታይ አድርጉ፤ ቀኑም ይታይ። ይህን የምታደርጉት ገጹ ስለሚቀየር ነው። ጣሪያው በኋላ ከፍ ካለ ማስረጃችሁ ያ ስክሪንሾት ብቻ ነው። ሽያጩ ሲጀመር ገጹ ከተጨናነቀ ደግሞ ደጋግማችሁ ሁለትና ሦስት ትእዛዝ አትላኩ፤ ገደብ ካለ ሁሉም ሊሰረዝባችሁ ይችላል።

ደረጃ 9፦ ካዘዛችሁ በኋላ

የመመለሻ ቀነ ገደቡን ካላንደር ላይ ጻፉ። እስከዚያ ቀን የሚወጣውን እያንዳንዱን ሳምንታዊ ቁጥር ሠንጠረዡ ላይ ጨምሩ። የገዛችሁት ብርቅ ይሆናል ብላችሁ ከሆነና ቁጥሩ ሌላ ከተናገረ፣ ጊዜው ሳያልፍ መመለስ ትችላላችሁ። ለሥዕሉ ከሆነ የገዛችሁት ይህን ሁሉ ተዉትና ሳንቲሙን እዩት።

የመጨረሻው ቁጥር ሲታወጅ ጊዜያዊውን ሰርዙና እሱን ጻፉ፤ ከየት እንዳገኛችሁትና ቀኑንም ጭምር። አንድ ቀን ሳንቲሙን ለሌላ ሰው ስትሸጡ «ስንት ነው የወጣው?» ብሎ የሚጠይቃችሁ እሱ ነው። ያን ጊዜ ጣሪያውን ብቻ አትንገሩት፤ ሠንጠረዡን አሳዩት።